ስዕሉ ላይ ስንት ሰዓት ነው?

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ልቀዳ ነበር፣ ተውኩት። አዎ፣ የሚሰማችሁ ያው ቬንትሌተር ነው። አላጠፋውም። ስምንት ሰዓት ነው፣ ያለሁት ደግሞ ድሬ ነው።

ስለ ሞሉ ከተጠራው ስብሰባ ሁለት ሳምንት አለፈው። አንድ ነገር ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ስለዚያ የገበያ ህንፃ ነው፣ ስለ ሞሉ። የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሊፍቱ ከቆመ የከረመው፣ ላይኛው ፎቅ ባዶውን የቀረው። ክፍት ሰፈር ሊያደርጉት ነው። መኪና ማቆሚያው የእግር መንገድ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ አደባባይ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ከልቤ ነው የወደድኩት። ሰው ከቤቱ ወርዶ፣ ፈጢራውን በልቶ፣ በእግሩ ሥራ የሚገባበት ሰፈር ማን ይጠላል?

ስብሰባው ላይ የአዲሱን ሰፈር ስዕል ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ከጎኔ የተቀመጠችው እዚያው ህንፃ ደረጃ ሥር ሻሂ የምትሸጠው እናታችን ነበረች። አንቱ አልላትም፣ የድሬ ሰው ናት፣ ትቆጣኛለች። ተነስታ ወደ ስዕሉ ሄደች። ተከትያት ሄድኩ። የድሪያዋን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛ በጣም ቀረበች። አደባባዩ መሃል ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች፣ ሕፃን እጁን ይዛ የምትሄድ። ጣቷን ሴትየዋ እግር ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። ደግሞ ወደ ሌላው ጎን። የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ስዕል ነው እኮ፣ እማ።»

በቃ። እንደዚህ ነው ያልኳት። ፈገግ ብዬ ጭምር። «እሺ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን እጄን አውጥቼ ስለ ብስክሌት መንገድ ጠየቅኩ።

ጥላ ነበር የምትፈልገው። ለሴትየዋ ጥላ አልሳሉላትም። የገባኝ ማታ ነው፣ ልተኛ ስል።

ይኼ ነገር ሲከነክነኝ ስለ ሞሎች ማንበብ ጀመርኩ። ታውቁኛላችሁ፣ አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም። አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ የሚባል ግዛት አለ፣ ክረምቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ። እዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሳውዝዴል የሚባል ሞል ተከፈተ፣ ጣሪያው ድፍን፣ ውስጡ በጋ ከክረምት 24 ዲግሪ አካባቢ። ያቀደው ቪክቶር ግሩን ይባላል፣ የቪየና ሰው። የቪየናን የእግር ኑሮ እዚያ ሊተክል ነበር ሐሳቡ። በዙሪያው ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ አስቦ ነበር። ያ ሁሉ ቀረና የመኪና ማቆሚያ ባሕር ሆነ። ሰውየው በኋላ ላይ ቪየና ተመለሰ፣ በሞሎቹም አዘነ። አሁን ደግሞ ሞሎቹን እያፈረሱ ጎዳና ያደርጓቸዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ሌክዉድ የሚባል ከተማ በ1966 የተከፈተ ሞል ነበረው። በ2001 ተዘጋ፣ ፈረሰ፣ በ2004 ቤልማር የሚባል የከተማ መሃል ሆኖ ተከፈተ። መንገድ፣ ሱቅ፣ ቤት፣ አደባባይ። ልክ የእኛ ስዕል።

እኔን ግን የያዘኝ ያ 24 ዲግሪ ነው። ሞል ሲጀመርም የአየር ነገር ነበር። ሰው ብርዱን ሸሽቶ ነው የገባው። እኛ ሰውን ከህንፃው አውጥተን ወደ ምን እያስገባነው ነው? እሷ የጠየቀችኝ ይኼንን ነው እኮ!

እዚሁ ድሬ፣ የከዚራን ሰፈር የባቡሩ ሰዎች ሲያቅዱ ጎዳናው ዳር ለዳር ዛፍ ነበረው። ዛሬም ከዚራ በስምንት ሰዓት መሄድ ይቻላል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሐረር ወጣሁ፣ ያ ጓደኛዬ ጋ። ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ አየሩም ሌላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጁገል ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግንቡ ከግንቡ ጥላ ይጋራል። ማኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር እየሰማን ቀስ ብለን ሄድን። አንዴም ፀሐይ አማረረኝ አላልኩም። ጓደኛዬ ስለ አዲሱ ሥራው ያወራኛል፣ እኔ የጥላውን ጠርዝ አያለሁ። ይቅርታ፣ አንተም ትሰማ ይሆናል።

እናቴ ገበያ ስትሄድ ጠዋት በአንዱ ጠርዝ ሄዳ ከሰዓት በሌላው ነው የምትመለሰው። ልጅ ሆኜ ለምን መንገድ እንደምናቋርጥ አይገባኝም ነበር። እጄን ጎትታ ታሻግረኛለች። ይኼን ሁሉ ዓመት አውቀው ነበር ማለት ነው። እያወቅኩ ነው ለሻሂ ሻጯ ያንን መልስ የሰጠኋት።

ትናንት ሄድኩ። ሻሂ ቀዳችልኝ፣ ቅርንፉድ የበዛበት። ይቅርታ ልላት ነበር የሄድኩት። «ዛሬ በጣም ይሞቃል» አልኩ። «ይሞቃል» አለች። እያወራን ተነሳችና አግዳሚዋን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገች፣ ፔርሙሱን አስከተለች፣ ከዚያ የስኳሩን ጣሳ። ፀሐይዋ እግሯ ጋ ደርሳ ነበር። እኔንም «ተጠጋ» አለችኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ለባለ ስዕሎቹ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። ዛፉን አስቀድማችሁ ትከሉ፣ ህንፃው ከመነካቱ በፊት፣ ልላቸው ነው። ግን ዛሬ የተተከለ ችግኝ መቼ ጥላ ይሆናል? እስከዚያ ሸራ ይወጠር? ደግሞስ ስዕሉ ላይ ደረጃው የለም። ደረጃው ከሌለ እሷ... እንጃ። ይኼንን እስካሁን አላሰብኩትም ነበር።

ደብዳቤው ላይ ጥያቄዋን ልጻፈው አልጻፈው? የእሷ ነው እኮ። ሳልጠይቃት አይሆንም። ስጠይቃት ደግሞ ያ ቀን ይነሳል። ነገ ጠዋት ሄጄ... ወይ ከነገ ወዲያ። ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።