አንድ ፊልም ለስንት መምህር ይበቃል?

[ምስል፦ የሳይክል ጎማ ይዞራል፤ ፊት ለፊቱ ትንሽ አምፖል ትበራለች]

ይህችን አምፖል አስተውሉ። ሳይክሉ ሲሄድ ትበራለች፣ ሲቆም ትጠፋለች። ማላዊያዊው ዊሊያም ካምኳምባ በመምህሩ ሳይክል ላይ ይህን አይቶ ይገረማል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ለፊዚክስ መምህር ግን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ይህ ልጅ ከሳይክል ዕቃ የነፋስ ማሽን እንዴት እንደሠራ የሚተርከውን ፊልም በአማርኛ «ነፋስን የገራው ልጅ» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ አዘጋጁ ቹዌቴል ኤጂዮፎር የልጁን አባት ሆኖም ተውኗል። ርዝመቱ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ሦስት ክፍል ተማሪ አንድ አዳራሽ ውስጥ አጭቃችሁ ከዳር እስከ ዳር አታሳዩ። ሞክሬዋለሁ፤ ግማሹ ተኛ፣ መሀል ላይ ደግሞ መብራት ሄደ። ስለ መብራት የሚያወራ ፊልም በመብራት እጦት ሲቋረጥ፣ ያልተኙት ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ እየቆራረጥን እንካፈለዋለን።

[ምስል፦ ጎማውን የምትታከክ ዲናሞ፣ በቅርበት]

ዲናሞዋ ውስጥ ማግኔት ከመዳብ ጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፉ ላይም አለ። እናንተ ፊልሙን አቁሙና ሒሳቡን አሠሯቸው። የጎማው ዲያሜትር 66 ሴንቲ ሜትር፣ የዲናሞዋ ራስ 2 ሴንቲ ሜትር ናት እንበል። ጎማው አንዴ ሲዞር እሷ 33 ጊዜ ትዞራለች። በዝግታ የሚዞር የነፋስ ማሽን ክንፍ እንዴት አምፖል እንደሚያበራ እዚህ ጋ ይገባቸዋል፤ የሒሳብ መምህሩም ሳይጠራ መጣ ማለት ነው። ሰፈራችሁ ያለ ሳይክል ጠጋኝ አሮጌ ዲናሞ ካለው ለምናችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ጂኦግራፊ የመጀመሪያውን ክፍል ይውሰድ። ዛፉ ለትምባሆ ድርጅት ይሸጣል፣ ይቆረጣል፤ ዝናቡ ጎርፍ ይዞ ይመጣል፣ ቀጥሎ ድርቅ። ማላዊ የሚዘንበው ባብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። እንደ እኛ በልግና መኸር እየተባለ ሁለተኛ ዕድል የሚጠበቅበት አገር አይደለም፤ በቆሎው ከከሸፈ ዓመት መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 የደረሰው ረሃብም የፊልሙ ታሪክ መነሻ ነው።

ኢኮኖሚክስ የእህል ወረፋውን ይያዝ። የአካባቢው ሹም በፕሬዚዳንቱ ፊት እውነቱን ተናግሮ የሚደበደብበት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ነው። ከባድ ስለሆነ ለታናናሾቹ አላሳይም።

[ምስል፦ አባትና ልጅ፣ መሀላቸው ሳይክል]

እኔ የምወደው የአማርኛውን ክፍለ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ያለው አንድ ሳይክል ነው፤ ልጁ ልቁረጠው ይላል፣ አባት ይቆጣል። ድምፁን ዝጉና አሳዩ፤ ንግግሩን ተማሪዎቹ ይጻፉት። ልጁ «አባባ» ነው የሚለው «አባዬ»? አባት ይሰድባል ወይስ ዝም ይላል? አንዲት ተማሪዬ ለአባትየው አንድም ቃል አልሰጠችውም፤ «መቆፈሪያውን አንሥቶ ወጣ» ብላ ብቻ አስቀመጠችው። ሌሎቹ ገጽ ሙሉ ጽፈው ነበር።

[ምስል፦ ውኃ ወደ ማሳው ይፈሳል]

ይህን መጨረሻ ግን ሳትመረምሩ አትለፉት። በፊልሙ ነፋሱ ውኃ ይስባል፣ ማሳው ይለመልማል። እውነተኛው ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው የመጀመሪያው የነፋስ ማሽን ያበራው አምፖል ነበር፤ ጎረቤትም ሞባይል ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣ ነበር። የውኃ መሳቢያው በኋላ የመጣ ነው። የታሪክ መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አዘጋጁ ለምን ቀየረው?» ብሎ ይጠይቅ።

ከኋላ ወንበር አንዱ የመለሰልኝን ልንገራችሁ፦ «ቲቸር፣ ሞባይል ቻርጅ ሲሆን ማን ያለቅሳል?»