ቡክ ያደረገው ሌላ፣ በሩ ላይ የቆመው ሌላ

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ስክሪፕትም የለኝም፣ ሁለት ሶስት ነገር ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጌያለሁ በቃ። ስለ ሶስተኛ ወገን ቡኪንግ ነው የማወራው። ሶስተኛ ወገን ሲባል መቼም የመኪና ኢንሹራንስ ነው ትዝ የሚላችሁ አይደል፣ እኔም ቤቴን እንደ ኤርቢኤንቢ ባሉ የቤት ማከራያ አፖች በቀን ማከራየት እስክጀምር እንደዛው ነበርኩ። እዚህ ጋ ግን አንዱ ቡክ ያደርጋል፣ ይከፍላል፣ ቤቱ ውስጥ ገብቶ የሚተኛው ሌላ ሰው ነው።

የመጀመሪያዬን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ሜሴጅ ላከልኝ፣ ለእናትና አባቴ ነው፣ ሶስት ሌሊት ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው ምናምን አለኝ። ፕሮፋይሉ ንጹህ፣ ሪቪዎቹ ሁሉ ባለ አምስት ኮከብ። አንጀቴን በላው፣ ለወላጆቹ ማረፊያ የሚይዝን ልጅ ማን እምቢ ይላል? አንድም ነገር ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ከዛ የበሩን ኮድ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ፣ የቤቱን ደንብ፣ ሁሉንም እንደተለመደው በአፑ ላክሁ፣ ለማን? ለልጁ። ልጁ ደግሞ ሌላ አህጉር ነው ያለው፣ እነሱ ሲደርሱ እሱ ጋ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ማታ የበሩ ካሜራ ስልኬ ላይ ድምፅ ሲያሰማ ከፍቼ አየሁ። አንዲት እናት ወረቀት አይናቸው ድረስ አስጠግተው ቁጥሩን አንድ በአንድ ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ፣ በሩ ዝም። እንደገና ይጫናሉ፣ ዝም። አባትየው ሻንጣው ላይ ቁጭ ብለዋል። ኮዱ እኮ ትክክል ነው፣ ልጁ አጽፏቸዋል፣ ግን ከቁጥሩ በኋላ መሰላሏ ምልክት አለች አይደል፣ ሃሽ የምትባለዋ፣ እሷን ተጫኑ ማለቱን ረስቶታል፣ ወይም አላነበበውም። የእሳቸው ስልክ ቁጥር እኔ ጋ የለም። ምን ላድርግ፣ በካሜራው ስፒከር «እማማ፣ መጨረሻ ላይ መሰላሏን ይጫኑ» አልኩ። ደንግጠው ወደኋላ ዞሩ፣ ወደ ላይ አዩ፣ «ማነሽ ልጄ? የት ሆነሽ ነው?»

አሁን ሳወራው ያስቃል፣ ያኔ ግን በጣም ነው ያፈርኩት። በነጋታውም ውሃው ቀዝቃዛ ነው የሚለው አቤቱታ በልጁ በኩል ዞሮ ማታ ላይ ደረሰኝ፣ የማሞቂያው ማብሪያ ከበሩ ጀርባ ነው ብዬ ጽፌ ነበር እኮ፣ ለልጁ። ሰውዬውና ሚስቱ ቀኑን ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ።

ሰው ሶስተኛ ወገን ሲባል ሌባ ነው የሚታየው፣ የተሰረቀ ካርድ፣ ፓርቲ። አዎ እሱም አለ። በፈረንጆች 2019 የሃሎዊን ማታ ካሊፎርኒያ ኦሪንዳ ላይ የሆነው ለአስራ ሁለት ሰው ተብሎ የተያዘ ቤት ነበር፣ ምክንያቱ ደግሞ ቤተሰቤ ከሰደድ እሳት ጭስ ይሽሽ የሚል፣ ከመቶ በላይ ሰው መጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ አምስት ሰው ሞተ። ኤርቢኤንቢ የፓርቲ ቤቶችን እከለክላለሁ ያለው ከዛ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ምክንያቱን ልብ በሉልኝ፣ እኔ ብሆን እሺ እል ነበር።

ግን እኔን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመኝ ክፉ ሰው አይደለም። የተስማማሁት ከአንዱ ጋር ነው፣ ሶፋው ላይ ያለው ግን ምንም ያልተስማማ ሰው ነው፣ ደንቡን አላነበበም፣ የላከውም ሰው አላነበበለትም። አንድ ሌላ ሰውዬ ለወንድሙ ልጅ ያዘ፣ ልጁ የጋለ መጥበሻ ኪችኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ክብ ጥቁር ምልክት ትቶልኝ ሄደ፣ አሁንም አለ፣ የቡና ማሽኑን አድርጌበት ነው የሸፈንኩት። ፎቶ አንስቼ ክፍያ ስጠይቅ ጥያቄው የሚሄደው ለማን ነው፣ ለአጎትየው። «እኔ እኮ እዛ አልነበርኩም፣ ጠይቄው አላደረግኩም አለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው እኮ፣ አልነበረም! ሪቪውም ስጽፍ የምጽፈው ቤቴን አይቶት ለማያውቅ ሰው ነው። ኤርከቨር፣ ኤርቢኤንቢ ለአከራዮች የሚሰጠው የጉዳት ሽፋን፣ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን ጥያቄውን እንግዳው ቼክ አውት አድርጎ ከወጣ በ14 ቀን ውስጥ ማስገባት አለባችሁ፣ ማስረጃ አለ፣ ምልልስ አለ፣ በዛ መሀል ማን ነበር ቤቱ ውስጥ ብሎ መከራከር አልፈልግም።

ስለዚህ አሁን ምን አደርጋለሁ፣ ከማጽደቄ በፊት አንድ ጥያቄ ነው፣ «የሚያርፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት?» በቃ። ደግሞ በአፑ ውስጥ እንጂ በስልክ አይደለም፣ ነገ የተባለው ነገር ተጽፎ እንዲገኝ። አይ ለሌላ ሰው ነው ካሉኝ እንግዳው የራሱን አካውንት ከፍቶ በራሱ ስም ይያዝ እላለሁ፣ ክፍያውን እነሱ በጎን ይተሳሰቡ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዷ «እንደ ሌባ ነው እንዴ ያየሽን» ብላኛለች፣ ይሁን። ቡኪንግ ዶት ኮም በሚባለው ሌላው የመያዣ ሳይት የመጣ ከሆነ ግን ሰው ሲይዝ ሳይቱ ራሱ ዋናው እንግዳ አንተ ነህ ወይስ ለሌላ ሰው ነው ብሎ ስለሚጠይቅ እዛ እምቢ ማለት አልችልም፣ የእንግዳውን ስምና ስልክ ተቀብዬ ቀጥታ ለሱ እጽፋለሁ። መስሪያ ቤት ለሰራተኛው ሲይዝም እንደዛው፣ እሱ እንኳን ብዙ አያስቸግርም፣ ዕቃ ቢሰበር አለቃው ጋ ነው የሚደርሰው።

ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ አካውንት ክፈቱ አልልም፣ እላለሁ ብል ውሸቴን ነው። ስልካቸውን እጠይቅና ከመምጣታቸው በፊት ደውዬ መሰላሏን አስረዳለሁ።

እና ሁሉንም አወቅኩት ብዬ ተዝናንቼ ሳለ ቅድም ቀረጻ ልጀምር ስል አንድ ሜሴጅ ገባ። ለባለቤቴ የልደት ሰርፕራይዝ ነው፣ ከእህቷ ጋር ነው የምትመጣው፣ እኔ አልኖርም፣ እባክሽ ከመምጣቷ በፊት እንዳትደውይላት ይላል። እስካሁን አልመለስኩለትም።