የቡቺ ጣሳ

እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ያህል ውሻ ወዳድ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ሳይ ደስ ይለኛል። ዛሬ የማወራው ነገር ግን አንዳንዶቻችንን ቆንጠጥ ሳያደርግ አይቀርም። ማንንም ላሳፍር አልመጣሁም። እኔ ራሴ አፍሬ ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ቡቺ የምትባል ውሻ አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ሳለ ለክትባት ወሰድኳትና ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጧት። 31 ኪሎ። «ስንት መሆን ነበረባት?» አልኳቸው። «ወደ 24» አሉኝ። «ፀጉሯ ብዙ ስለሆነ ነው» አልኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ጎኗ ላይ አስቀመጡትና «እስቲ የጎድን አጥንቷን ይፈልጉልኝ» አሉኝ። ፈለግኩ። ጫን አልኩ። አላገኘሁትም።

ያን ቀን ያሳዩኝን እስቲ አሁን አብረን እንሞክረው። አንድ እጃችሁን ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ወደ ታች ይሁን። በሌላው እጃችሁ ጣቶች ጀርባውን፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ቦታ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። አጥንቱ ይሰማችኋል፣ ግን አልገጠጠም። ደህና ክብደት ያለው ውሻ ጎኑ ሲዳበስ እንዲህ ነው። አሁን እጃችሁን ጨብጡና አንጓዎቹን ዳብሱ። የውሻችሁ ጎን እንዲህ ከሆነ ከስቷል። አሁን ደግሞ መዳፋችሁን ገልብጡና ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ንኩ። አጥንቱ የት ሄደ? ቡቺ እዚያ ነበረች።

ዓይንም ይረዳል። ውሻውን ከላይ ቆማችሁ እዩት፣ ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ጠበብ ማለት አለበት። ከጎን ስታዩት ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሰብሰብ እያለ መሄድ አለበት። ሐኪሞች ይህን ሁሉ አይተው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ። 4 እና 5 ጥሩ ነው። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በግምት 10 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው። ቡቺ 8 አገኘች። በትምህርት ቤት ቢሆን አበጀሽ ይባልላት ነበር።

እንዴት አላየሁትም? በየቀኑ ስለማያት ነው። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ሲወፍር አይታይም። ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «አቤት ስታምር! ተመችቷታል!» ይላል። ወፍራም ውሻ የደግ ቤት ምልክት ይመስለናል።

ግን ትርፉ ክብደት የሚያርፈው መገጣጠሚያዋ ላይ ነው። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ የምታለከልከው፣ ደረጃ ላይ ቆም የምትለው በዚያ ምክንያት ነው። ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ መስጠትም አደገኛ ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ አንድ ጥናት ነው። 48 የላብራዶር ቡችላዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከየጥንዱ አንደኛው ጓደኛው ከሚበላው 25 በመቶ ቀንሶ እንዲበላ አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2002 ታተመ። ብዙ ከሚበሉት ግማሾቹ 11.2 ዓመት ሲሆናቸው አልቀዋል። ከቀጫጮቹ ግማሾቹ እስኪያልቁ ግን 13 ዓመት ፈጀ። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። ልብ በሉ፣ ብዙ የበሉትም ቢሆኑ መጠነኛ ውፍረት ነው እንጂ በርሜል አላከሉም። ጥናቱን ያካሄደው ፑሪና ነው፣ የውሻ ምግብ አምራቹ። ምግብ ሻጭ «ቀንሱ» ካለ መስማት ነው።

ሁለት ዓመት ገደማ። ከቡቺ ጋር ሁለት ተጨማሪ ዓመት ለማግኘት ምን አልሰጥም ነበር? የተጠየቅኩት ግን እንዳልሰጥ ነበር።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። የታይሮይድ እጢ ሲደክም ውሻ ብዙ ሳይበላም ይወፍራል። ኩሺንግ የሚባለው በሽታም ሆድን ያንዘረጥጣል። እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። የተኮላሸ ወይም የመከነ ውሻ ደግሞ የሚያስፈልገው ምግብ ይቀንሳል፣ እኛ ግን ሳህኑን እንደ ድሮው እንሞላለን። ላብራዶር ያላችሁ፣ እናንተን አዝንላችኋለሁ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 እንዳሳወቁት፣ ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ ከረሃብና ከጥጋብ ጋር የተያያዘ የአንድ ዘረመል ክፍል ጎድሎበታል። ያ ውሻ እያስመሰለ አይደለም፣ የእውነቱን ነው የሚርበው።

የቡቺ ደም ተመረመረ። ምንም የለባትም። በሽታው እኛ ነበርን።

ቤት ገብቼ ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። ሁሉም «እኔ ምንም አልሰጣትም» አለ። እኔም ጭምር! እንግዲህ ቡቺ አየር በልታ ወፍራለች ማለት ነው። ያኔ የሐኪሟን ምክር ሥራ ላይ አዋልኩት። የቀኑን ምግብ በሙሉ ጠዋት መዝኖ አንድ ጣሳ ውስጥ መክተት። ቁርሷም፣ እራቷም፣ «ተቀመጪ» ስትባል የምትሸለመውም ከዚያ ብቻ ይወጣል። ጣሳው ካለቀ ቀኑ አለቀ።

የመጀመሪያው ቀን ጣሳው ከቀትር በፊት ባዶ ሆነ። ቁርሷን እኔ ሰጠኋት። ባለቤቴ ያልበላች መስሏት ደግማ ሰጠቻት፣ ቡቺም ስለ መጀመሪያው ቁርስ ትንፍሽ አላለችም። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት «እጅሽን ስጪኝ» እያለ አንድ እፍኝ ጨረሰ። አማቴ ከጣሳው አልነኩም። እሳቸው ዳቦ ሲበሉ ጠርዝ ጠርዙን ለእሷ ያስቀምጣሉ። «ይሄማ ምግብ አይደለም፣ ቅምሻ ነው» አሉኝ።

ቅምሻውን አሰላነው። ጉርሻና ሽልማት ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቡቺ የቀን ድርሻ 760 ካሎሪ ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ ወደ 75 ካሎሪ አለው። ስለዚህ አንዷ ቁራሽ የሙሉ ቀኑን ቅምሻ ትበላለች።

760 ከየት መጣ? ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። መድረስ ያለበትን ክብደት ውሰዱ፣ አሁን ያለውን አይደለም። ለቡቺ 24። 24 ሲባዛ በ24፣ እንደገና ሲባዛ በ24። ከዚያ የስኩዌር ሩት ምልክቷን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። 10.8 ይመጣል። በ70 አባዙት። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ ሐኪማችሁ ያስተካክለዋል። በምግቡ ከረጢት ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን ለማክሳት የተሠራ ስላልሆነ እሱን አትከተሉ። በስኒም አትስፈሩ። የእኔ ስኒ አንዳንዴ ሙሉ ነው፣ አንዳንዴ ቁልል ነው። የኩሽና ሚዛን ተጠቀሙ፣ በግራም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። የለመደውን ምግብ ዝም ብላችሁ በግማሽ አትቁረጡት። ካሎሪው ሲቀንስ ፕሮቲኑም ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንሳል፣ ውሻውም ስብ ሳይሆን ጡንቻ ያጣል። ለማክሳት ተብለው የሚዘጋጁ ምግቦች በትንሽ ካሎሪ ብዙ ፕሮቲንና አሰር የያዙት ለዚህ ነው። ይህንንም ከሐኪም ጋር ምረጡ።

ስፖርትስ? እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ጫማዬን አጥብቄ ወጣሁ። 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ውሻ 1 ኪሎ ሜትር ሲራመድ የሚያቃጥለው በግምት 30 ካሎሪ ነው። የአማቴን አንድ ቁራሽ ለማቃጠል ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያስኬዳል። የእግር ጉዞ ጡንቻ ይጠብቃል፣ ስሜት ያነቃቃል፣ አይቅር። ግን መክሳት የሚጀምረው ከሳህኑ ነው። ደግሞ የወፈረን ውሻ በአንዴ አታስሩጡት። እኛ የጀመርነው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በመራመድ ነው።

ስለዚያ ዓይን ሳላወራ ብወርድ አትምሩኝም። ታውቁታላችሁ። ገበታው ሥር ተቀምጣ፣ ቅንድቧን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ወላጅ አልባ የምታይበት ዓይን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልቤ ቆሰለ። ቀስ ብዬ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስታፈጥብኝ ተነሥቼ ኳስ ብወረውርላት ምግቡን ትረሳዋለች። ሁልጊዜ አይደለም፣ ከሦስቱ ሁለቴ። ለካ ብዙውን ጊዜ የምትፈልገው እኔን ነበር፣ እኔ ደግሞ ብስኩት እሰጣት ነበር። እራቷን ሳህን ላይ ማድረግ ትተን፣ እየገፋች ፍሬ ፍሬውን የምታወጣበት መጫወቻ ውስጥ አደረግነው። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። የግድ ማጉረስ ካማራችሁ ጥሬ ካሮት ወይም ጨው የሌለበት የተቀቀለ ፎሶሊያ ስጡ። ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ እንዲሁም ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ መርዝ ናቸው፣ በጭራሽ።

ደህና የሚባለው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። እኛ ከዚያም ቀስ ብለን ነው የሄድነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ በዚያው ሚዛን፣ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ እንመዝናታለን። ትንሽ ውሻ ያላችሁ ታቅፋችሁት ተመዘኑ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። የራሳችሁን ቁጥር ለማንም መንገር የለባችሁም።

አራተኛው ወር ላይ ሚዛኑ ቆመ። ስድስት ሳምንት ንቅንቅ አላለም። አማቴን ጠረጠርኩ፣ እውነቱን ልናገር። አዩኝ፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ ጠዋት የቡቺን የመገጣጠሚያ ክኒን ስሰጣት አጠገቤ ቆሙና «ይሄስ?» አሉኝ። ክኒኑን የምጠቀልልበት አይብ ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እየቆየ ደግሞ ወፈር ወፈር ያለ። ሌባው እኔ ነበርኩ። አይቡ ቀረ፣ ክኒኑ ከጣሳው በተወሰደ በራሰ ምግብ ተጠቀለለ፣ ሚዛኑም ተንቀሳቀሰ።

24 ኪሎ ለመድረስ ዘጠኝ ወር ፈጀብን። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ደረስን!» ይልና የድሮውን ሳህን ይመልሳል። የከሳ ውሻ ግን ጥንቱንም ቀጭን ከነበረ ውሻ ያነሰ ምግብ ነው የሚበቃው። እኛ 10 በመቶ ጨመርንና ሁለት ሳምንት ጠብቀን መዘንናት። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። እዚያው ቆምን። አሁን በወር አንዴ እንመዝናታለን። ቁጥሩ በግማሽ ኪሎ ከፍ ካለ የሚጠየቀው ቡቺ ሳትሆን ቤተሰቡ ነው።

ጣሳው ዛሬም አለ። አማቴ የጣሳው ኃላፊ ሆነዋል፣ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ አይነካውም። ዳቦ ሲበሉም ጠርዙን ራሳቸው ይበሉታል።

ቡቺ አብራን መጥታለች፣ ያውና ከኋላ ተኝታለች። ስትወጡ ጎኗን ዳብሱና ከእጃችሁ ጀርባ ጋር አነጻጽሩት፣ መዳበስ ትወዳለች። በዚያ ዓይን ብታያችሁ ግን ምንም እንዳትሰጧት። የዛሬው ጣሳ አልቋል።