ሞጁሉን የገደለው ሙቀት ነው

እንደምን ዋላችሁ የሙያ ጓደኞቼ! አብዛኞቻችን የተዋወቅነው መርካቶ መለዋወጫ ስናፈላልግ ነው፣ ስለዚህ መግቢያ አላበዛም። ኢንቨርተር፣ ማለትም የሶላርን ወይም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ፣ በተቃጠለ ቁጥር «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ማለታችንን እናቁም። ፎርጅድ አለ፣ አልክድም። ግን እጄ ላይ ከገቡት ሞጁሎች፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን እየከፈቱና እየዘጉ ከሚቀይሩት ክፍሎች፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ሙቀት ነው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጤና ጣቢያ ባለ 5 ኪሎዋት የሶላር ኢንቨርተር መጣልኝ። የክትባት ፍሪጅ የሚያሠራ ነው። ሞጁሉ ፈንድቷል። ቀየርኩ፣ ፋኑንም አዲስ አደረግኩ፣ ሠራ፣ ላክሁ። በሦስተኛው ወር ተመለሰ። ደግሜ ቀየርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉልኝ ዕቃዬን ይዤ ራሴ ሄድኩ።

ኢንቨርተሩን እንዳይሰረቅ ብለው ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር በብረት ሳጥን ቆልፈውበታል። መተንፈሻ የለውም። ፋኑ ይዞራል፣ ግን የሚስበው እዚያው የታፈነውን ትኩስ አየር ነው። ቴርሞሜትር ሳስገባ 61 ዲግሪ አለኝ። ነርሷ የክትባት መያዣውን አንግታ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ስጠግን «የት ነው የተሰቀለው?» ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አስቡት፤ 5 ኪሎዋት ሲሠራ 5 በመቶው ቢባክን 250 ዋት ገደማ ሙቀት ነው። አራት ባለ 60 ዋት አምፖል አብርቶ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ማለት ነው። ሞጁሉ ውስጥ ያለው ሲሊከን 150 ዲግሪ፣ አንዳንዱ 175 ቢችል ነው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ዕድሜ ደግሞ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

በዚያ ላይ አገራችን ከፍታ ላይ ናት! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ማኑዋል ሙሉ ኃይሉ እስከ 1,000 ሜትር ነው ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ታዲያ ለደንበኛው ይህን የሚነግረው ሻጭ የታለ? 5 ኪሎዋት ብሎ ይሸጣል፣ ሲቃጠል «ቴክኒሻኑ ነው ያበላሸው» ይላል! እስከመቼ ነው የምንሸከመው?

ሞጁሉ ሥር ስለሚቀባው ነጭ ቅባትም አንድ ነገር ልበል። ሥራው በሞጁሉ መዳብና ሙቀቱን በሚያወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ፣ መሀል የቀረችውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው። እንደ ቅቤ አትለቅልቁት፤ የፀጉር ውፍረት ይበቃዋል። ብሎኑንም በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ በልክ አጥብቁ።

ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። የቻርጀሩም ጠላት ያው ሙቀት ነው፤ ሲበላሽ እኛው ጋ ነው የሚመጣው።

የጤና ጣቢያውን ሦስት ሞጁሎች እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ሻይ ስትጠጡ ገልብጣችሁ እዩዋቸው። ሦስቱም የፈነዱት አንድ ቦታ ላይ ነው።