9 ነጥብ ወይስ 693? የፎከስ ነጥብ ብዛት ለፎቶ አንሺ ምን ያደርግለታል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው። የካሜራ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ስለሚጻፈው ቁጥር። የፎከስ ነጥብ ብዛት። የፎከስ ነጥብ ማለት ካሜራው ጥርት አድርጎ ለመያዝ የሚያነጣጥርበት፣ በፍሬሙ (በፎቶው ክፈፍ) ውስጥ ያለ ቦታ ነው።

ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ላይ የምትመርጡት 9 ነጥብ ነበር። ማርክ 3 ሲመጣ 61 ሆነ። በ2017 የወጣው ሶኒ ኤ9 ደግሞ 693 ይዞ መጣ። ስድስት መቶ ዘጠና ሦስት! ታዲያ ፎቶው የዚያን ያህል ያምራል?

ነጥቦቹን እንደ ዘበኛ አስቧቸው። ሰፊ ግቢ አለ። ዘበኛው አንድ ነው፤ በሩ ላይ ቆሟል። ሌባው በበሩ ከመጣ ተያዘ። አጥር ከዘለለስ? ማንም አላየውም። እሺ፣ ዘበኛ እንጨምር። 61 እናድርጋቸው። ግን ሁሉም መጥተው በሩ ጋ ቆሙ። አጥሩ አሁንም ባዶ ነው! ብዙ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ ያለው ችግር ይሄ ነው። ነጥቦቹ መሃል ላይ ተጠቅጥቀዋል። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ላይ ግን ዘበኞቹ አጥሩ ድረስ ይሄዳሉ። የኤ9 ነጥቦች ከፍሬሙ 93 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። እኔን የሚያስደስተኝ ከ693ቱ ይልቅ ይሄ 93 ነው።

ደግሞ ዘበኛ ሁሉ እኩል አያይም። አንዳንዱ የቆመ መስመር ያያል፣ የተኛው ያመልጠዋል። ክሮስ ታይፕ የሚባለው ሁለቱንም ያያል። ኒኮን ዲ850 ላይ ከ153ቱ ነጥብ 99ኙ ክሮስ ታይፕ ናቸው። እናንተ መምረጥ የምትችሉት ደግሞ 55ቱን ብቻ ነው።

አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ ልምጣ። «ነጥቡ ከበዛ ፎቶው ሁሉ ቦታ ላይ ጥርት ይላል አይደል?» አይልም! እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በዚህ ሐሳብ ነውና። ሌንስ በአንድ ጊዜ ፎከስ የሚያደርገው አንድ ርቀት ላይ ነው። አንድ! ስክሪኑ ላይ አሥር የፎከስ ሳጥን አረንጓዴ ቢበራ፣ አሥሩም ቦታዎች ከእናንተ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። በቃ። ሰዎች በሁለት ረድፍ ቆመው በኤፍ 1.8፣ ማለትም አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) በሰፊው ከፍታችሁ፣ ቀርባችሁ ካነሳችኋቸው፣ የኋለኞቹ ብዥ ይላሉ። 693 ነጥብ አያድናቸውም። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ዝጉት፣ ወይም ራቅ በሉ። የሚያድናቸው እሱ ነው።

ታዲያ ነጥብ መቼ ነው የሚጠቅመው? ነገሩ ሲንቀሳቀስ። የሚሮጥ ልጅ፣ የምትበር ወፍ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ካሜራው ይከተላታል። ቁጭ ያለ ሰው ስታነሱም ቢሆን ጥቅም አለው። እኔ ድሮ በመሃሉ ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጌ፣ ካሜራውን ዘወር አድርጌ ነበር የማነሳው። ቤት ገብቼ ሳየው ዓይኑ ብዥ ብሏል፣ ጆሮው ጥርት ብሏል! ስዞር የፎከሱ ቦታ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው። ነጥቡ ዓይኑ ድረስ ሲደርስ መዞር ቀረ። ዓይን ለይቶ የሚይዝ ካሜራ ከሆነ ደግሞ፣ ነጥብ መምረጡም ይቀራል።

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። ትራኪንግ (የሚንቀሳቀስን ነገር በፎከስ የሚከተለውን) አብሩ፣ ጓደኛችሁ ከፍሬሙ ጫፍ ወደ እናንተ ፈጠን ብሎ ይምጣ። በተከታታይ 20 ፎቶ አንሱና ዓይኑ ጥርት ያለባቸውን ቁጠሩ። ስንት እንደሆነ ከካሜራችሁ ስም ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ጨለማ ውስጥ ፎከስ ስለማድረግ ነው።