ደክሞኝ ስገባ ውሻዬ ይነቃል
የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከሰሚት ነው የምደውለው። ነርስ ነኝ። አዳር ሠርቼ ጠዋት ስገባ እግሬ አይችለኝም። የ2 ዓመት ጀርመን ሸፐርድ አለን። በሩን ስከፍት ዘሎ ይጠመጠምብኛል። ትናንት የተሰጣ ዩኒፎርሜን ከገመድ አውርዶ ግቢ ለግቢ ሲጎትተው ደረስኩ። ይዤው ልውጣ እንዳልል አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ደክሞሽ ይዘሽው አትውጪ። ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ ውሻ የሰፈር ውሻ አይቶ አንዴ ከሳበሽ አስፋልቱ ላይ ነው የምትገኚው።

የጀርመን ሸፐርድን እግር ማድከም ከባድ ነው። አፍንጫውን ማድከም ግን ይቻላል። ውሻ ሲያነፈንፍ ጭንቅላቱ ይሠራል፣ ይህ ደግሞ ያደክመዋል። ስለዚህ ቁርሱን በሳህን አታቅርቢለት። ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ ሥጋ ጥቃቅን አድርገሽ ቁረጪና ሳሩ ውስጥ፣ ከአበባው ማሰሮ ኋላ፣ ከደረጃው ሥር በትኚው። «ፈልግ» በይውና አንቺ ቁጭ በይ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ሦስቱን ጠቁሚው፣ ከዚያ ራሱ ይገባዋል። ባዶ ካርቶን ካለሽም አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀሽ መሃሉ ላይ ምግብ ደብቂለት። ካርቶኑን ይቦጫጭቀዋል። ይቦጫጭቀው፣ ከዩኒፎርምሽ ይሻላል። ጨርቁን እንዳይውጠው ብቻ ዓይንሽን አትንቀይ።

እኔም ቡቺ የምትባል ውሻ አለችኝ። ክሊኒክ ውዬ ስገባ ቡናዬን ይዤ በርጩማ ላይ እቀመጥና ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ መሬት ላይ እደፋለሁ። ከአንዱ ሥር ዳቦ አለ። በፊት ሦስቱንም ትገለብጣቸው ነበር። አሁን ግን አንድ በአንድ ታሸታለች፤ ዳቦው ጋ ስትደርስ የምታወዛውዘው ጅራቷ ቀጥ ይላል። 10 ደቂቃ ያህል እንዲህ ከተጫወትን ራሷ ሄዳ ትጋደማለች። ቡናዬም አይቀዘቅዝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀን ታስሮ ነው የሚውለው?

አድማጭ፦ አዎ ዶክተር፣ ማታ ነው የምንፈታው።

መልስ፦ በይ እንግዲህ፣ ዩኒፎርሙን የጎተተው ሰንሰለቱ ነው። ውሻ ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም የሚባለውን እኔ አልቀበልም። ታስሮ የሚውል ውሻ ሲፈታ ያገኘው ላይ ነው የሚወጣበት። ቢቻል በሩን ዘግታችሁ ቀንም ግቢው ውስጥ ይፈታ። በዕረፍት ቀንሽ ደግሞ ጠዋት በደንብ አውጪው፤ ማነፍነፉ የእግር ጉዞን ጨርሶ አይተካም።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፣ በቀን 12 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ልጆቼ ለምነውኝ ሃስኪ ገዛሁላቸው። አሁን ልጆቹ ስልካቸው ላይ፣ ውሻው እኔ ላይ!

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ሃስኪ በረዶ ላይ ሸክም ሲጎትት የኖረ ዘር ነው። በኩባያ ጨዋታ ብቻ አይበርድልህም፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የምር መሮጥ አለበት። ስለዚህ ሥራውን አካፍል። ትልቁ ልጅህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያውጣው፤ አቅም ካለህ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ክፈል። አንተ ማታ ስትገባ ረዘም ባለ ገመድ ይዘኸው ዝግ ብለህ ተራመድ። ፍጥነቱን እሱ ይወስን፣ እያንዳንዱን ዛፍ ያሽት። ኳስ ደጋግሞ መወርወር ግን ብዙ አልወድም። እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ይበልጥ ያነሳሳዋል እንጂ አያረጋጋውም።

በበጋ የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርግ። 7 ሰከንድ መታገሥ ካቃተህ ለመዳፉም ይበዛበታል። የለውዝ ቅቤ የምትሰጠው ከሆነ ደግሞ ዕቃው ላይ ዛይሊቶል የሚል እንደሌለ አንብብ። ይህ ማጣፈጫ ውሻ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። የ4 ወር ቡችላ አለኝ። በብስክሌት እየሄድኩ ባስሮጠው ቶሎ አይደክምልኝም?

መልስ፦ እንዳታደርገው ልጄ! አጥንቱ ገና እያደገ ነው፤ በተለይ ትልልቅ ዘሮች ዓመት እስኪያልፋቸው ድረስ ከብስክሌት ኋላ አይሮጡም። የባሕር ዳርም ሙቀት አለ። አጭር አጭር ጨዋታ ይበቃዋል፣ ቀሪውን ይተኛ። ቡችላ ከልክ በላይ ሲቅበጠበጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንስ ወስዷል? ካልወሰደ ነገውኑ ይዘኸው ሂድ።