ከአሽከርካሪው በፊት ስምሪቱን እንመርምር

የተከበራችሁ የድርጅት ኃላፊዎች፣ የስምሪትና የጥገና ክፍል ባልደረቦች፣ እንዲሁም መሪ ይዛችሁ የምትውሉና የምታድሩ አሽከርካሪዎች፤

ለሥራ የሚያሽከረክሩ ሰዎችን ደህንነት በመረጃ ስለማሻሻል እንድናገር ስጋበዝ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ጂፒኤስ፣ ስለ ካሜራና በየወሩ መጨረሻ ስለሚለጠፈው የአሽከርካሪዎች ነጥብ እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። እነርሱንም አነሣለሁ። ይሁን እንጂ ላስረዳችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ከተሽከርካሪው የሚመጣው መረጃ ከሁሉ አስቀድሞ መዋል ያለበት አሽከርካሪውን ያሰማራውን ዕቅድ ለመመርመር ነው። ሰውየውን መምከርም ሆነ መገሠጽ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ቀዳሚው የሞት መንስኤ ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች መሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የሥራ ተሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ከባድ ነው፣ ብዙ ኪሎ ሜትርም ይጓዛል፤ ስለዚህ የራሱን ሠራተኞች ጉዳትና የራሱን መኪኖች የጥገና ወጪ ብቻ የሚመዘግብ ድርጅት የጉዳዩን ግማሽ እንኳ አላየም ማለት ነው።

ብዙ ድርጅቶች ያላቸው ብቸኛ የአደጋ ሰነድ ለመድን ካሳ የተሞላው ቅጽ ነው። ይህ ቅጽ የተዘጋጀው «ማን ይክፈል» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ስለሆነ፣ አደጋው የት እንደደረሰ፣ የትኛው መኪና ከየት በኩል እንደመጣና ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ይናገራል። አሽከርካሪው ከእንቅልፉ ከተነሣ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ በዕለቱ ስንተኛ ጉዞው እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ድረስ እንደተባለና ያንን ሰዓት ማን እንደወሰነው ግን አይናገርም። እነዚህን አራት ጥያቄዎች በድርጅቱ የራሱ ቅጽ ላይ መጨመር ወጪ የለውም፤ እኔ የምመክረው የመጀመሪያው እርምጃም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ያለው የአቆጣጠር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ አንድ አሽከርካሪ በዓመት 90,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 3 ግጭት፣ ሌላው 10,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 1 ግጭት ቢደርስባቸው፣ ግጭት ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ሰው ከሁሉ የከፋ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በተጓዙት ርቀት ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው በየ30,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሁለተኛው በ10,000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ተጋጭተዋል። ይህም ቢሆን ለፍርድ አይበቃም፤ አንዱ በሌሊት በጠመዝማዛ መንገድ፣ ሌላው በቀን በሜዳ ሲነዱ ከርመው ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይኤስኦ 39001 የተባለው የመንገድ ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ደረጃ፣ ድርጅቶች ከሞትና ከከባድ ጉዳት ቁጥር ጋር የተጓዙትን ርቀት፣ ፍጥነትን፣ የደህንነት ቀበቶ አጠቃቀምንና የአሽከርካሪን ድካም አብረው እንዲያዩ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚህ ወር ብዙ ነጥብ የተቀነሰበት አሽከርካሪ በሚቀጥለው ወር ምንም ሳይደረግለትም ተሻሽሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የከፋው ወር ራሱ በከፊል አጋጣሚ ነበርና። በዚህ ምክንያት የማይገባቸውን ምስጋና የተቀበሉ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

አደጋ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ስላልሆነ፣ እርሱን ብቻ የሚጠብቅ ድርጅት የሚማረው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ድንገተኛ ፍሬን፣ ኃይለኛ ጥምዘዛና ከወሰን ያለፈ ፍጥነት በመሣሪያ መመዝገባቸው የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው መኪናው በኃይል መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ አይደለም። ልጅ ዘልሎ መንገድ ውስጥ ሲገባበት ፍሬን የረገጠና ስልኩን ሲያይ ቆይቶ ከፊቱ ያለው መኪና መቆሙን ዘግይቶ ያየ ሰው በሰንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው።

በአንድ ወቅት የአንድ ጭነት አመላላሽ ድርጅትን የሦስት ወር የፍሬን መዝገብ በአሽከርካሪ ስም ከመደርደር ይልቅ ካርታ ላይ አሰፈርነው። ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ተበትነው ሳለ አንድ ቦታ ላይ ግን ተከማችተው ታዩ፤ ድርጅቱ ጎበዝ ናቸው የሚላቸው አሽከርካሪዎች ሳይቀሩ እዚያች ቦታ ላይ ፍሬን ይረግጡ ነበር። በማለዳ ሄደን ቆመን አየን። ቦታው ቁልቁለት ላይ ያለ ጠባብ ኩርባ ሲሆን፣ ከኩርባው ጀርባ የማራገፊያው በር አለ። ሁሉም መኪኖች ጠዋት በአንድ ሰዓት እንዲደርሱ ስለታዘዙ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ኩርባውን የሚዞረው ሾፌር የመጨረሻውን መኪና የኋላ መብራት የሚያየው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው። ለሦስት ወር ነጥብ የተቀነሰባቸው ሰዎች ያን የመድረሻ ሰዓት አላወጡትም። የመድረሻ ሰዓቶቹ ተከፋፍለው ሰልፉ ከአስፋልቱ ሲነሣ በካርታው ላይ ያለው ክምችት ሳሳ።

ፍጥነትንም በዚሁ ዓይን እንየው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይህን የሚያውቅ ኃላፊ በየቀኑ የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ የራሱን የስምሪት ወረቀት ግን አያሰላም። 300 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ይጠናቀቅ ተብሎ የታዘዘ ጉዞ እንውሰድ። 100 ኪሎ ሜትሩ በሰዓት የ50 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ወሰን ያለበት ከሆነ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ የቀረው 200 ኪሎ ሜትር በ80 ወሰን 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር 5 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ይህም አሽከርካሪው አንድም ቦታ ሳይዘገይ፣ አንድም መብራት ሳይዘው፣ ሁልጊዜ በወሰኑ ልክ ሲነዳ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ወይ ዕረፍቱን ይዘላል፣ ወይ ወሰኑን ያልፋል፤ ሁለቱንም ካላደረገ ደግሞ በመዘግየት ይጠየቃል። ማንኛውም የፍጥነት ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት የተሰጠው ሰዓት ከሕጋዊው ሰዓት ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ አሳሳች ሆኖ ያገኘሁት የድካም መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደሚወርድ አሳይቷል። ጂፒኤስ ግን ሞተሩ ለስንት ሰዓት እንደሠራ እንጂ ሰውየው ለስንት ሰዓት ነቅቶ እንደቆየ አይለካም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጭነት ሲጠብቅ፣ ወረፋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መኪናውን አንድ እርምጃ ሲያስጠጋና ሰነድ ሲያስፈርም የቆየ አሽከርካሪ፣ ጠዋት ጉዞ ሲጀምር መዝገቡ ላይ «ያረፈ» ሆኖ ይታያል፤ ሞተሩ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበርና። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ከ4 ሰዓት ተኩል ማሽከርከር በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ በሳምንት ሁለቴ ግን እስከ 10 ሰዓት መንዳት እንዲችል ተደንግጓል። የዚያ ደንብ ማስፈጸሚያ የሆነው ታኮግራፍ የሚባለው መሣሪያ ማሽከርከርን፣ ሌላ ሥራን፣ ተጠባባቂነትንና ዕረፍትን ለየብቻ ይመዘግባል። ይህን ክፍፍል ለመከተል ታኮግራፍ የግድ አያስፈልግም፤ የመጫኛ ቦታ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከጉዞው መዝገብ ጎን ቢጻፍ እውነቱ ይወጣል። ወረፋ መጠበቅን ዕረፍት ብሎ መመዝገብ በእኔ አስተያየት ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ውሸት ነው።

ስልክን በተመለከተ አጭር ነገር አለኝ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዓይኑን ለ2 ሰከንድ ከመንገድ ያነሣ ሰው 44 ሜትር ያህል ሳያይ ተጉዟል። የስምሪት ክፍሉ ለአሽከርካሪዎች የደወለባቸውን ሰዓቶች መኪኖቹ ይንቀሳቀሱ ከነበሩባቸው ሰዓቶች ጋር አንድ ሳምንት ብቻ አስተያዩአቸው። «የት ደረስህ?» ለማለት የሚደወል ስልክ፣ መልሱ ስክሪኑ ላይ እየታየ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደወል ስታዩ ትገረማላችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አሽከርካሪው መረጃውን ሲያምነው ነው። ምን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለው እንቅስቃሴው አሠሪውን አይመለከትም። በተመዘገበበት እያንዳንዱ ክስተት ጎን የራሱን ምክንያት የሚያሰፍርበት ቦታም ይኑረው። ለጥቂት የተረፈበትን አደጋ በፈቃዱ የተናገረ ሰው ከቅጣት ነጻ ካልሆነ፣ ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም። «ያለ አደጋ ላሳለፈ ክፍል ጉርሻ» የሚለውን አሠራርም አልደግፈውም፤ የተገጨውን መከላከያ በግል ጋራዥ በድብቅ ማስጠገንን ያስተምራልና።

በመጨረሻ፣ መሣሪያ የመግዣ አቅም የለንም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አምስት ሞተር ሳይክል ወይም ሦስት ሚኒባስ ያለው ድርጅት በአንድ ደብተር ይጀምር፤ የተነሣበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የጠበቀበት ሰዓት፣ ርቀቱ፣ የጎማና የፍሬን ሁኔታ፣ «ዛሬ ምን አስደነገጠህ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ። የመጨረሻው አምድ መጀመሪያ ላይ ለብዙ ቀናት ባዶ ይሆናል። የሚሞላው አንድ አሽከርካሪ የጻፈው ነገር ተነብቦ፣ በማግስቱ የስምሪት ወረቀቱ በዚያ ምክንያት ተስተካክሎ ሲያይ ነው።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እከፍታለሁ፤ ከተፈቀደልኝም ቅድሚያውን ለአሽከርካሪዎች እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ።